ሰንጠረዥ ጨዋታ ነበር

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በተጠናቀቁ ማግስት ቆቦ ውስጥ ከወጣት አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሰንጠረዡ ምን ይመስላል?» አርሰናል ስንተኛ ነው? ማንቼ ስንት ነጥብ ይቀረዋል? «የደረጃ ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምንጠራው ቆጥረን አናውቅም። ትምህርት ቤት እያለን መጽሐፋችን «ሰንጠረዥ 1፣ ሰንጠረዥ 2» እያለ አስተምሮናል። ቢሮ የገባው ጓደኛችን ደግሞ በኤክሴል የሚሠራውን ሁሉ ሰንጠረዥ ይለዋል። ባጭሩ ለእኛ ትውልድ ሰንጠረዥ ማለት መስመርና ዓምድ ያለው፣ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን ነው።

ሰንጠረዥ ግን ጨዋታ ነበር። ያውም ነገሥታትና መኳንንት ቀኑን ሙሉ የሚፋለሙበት፣ የጦርነት ስልት የሚፈተንበት ጨዋታ። ቃሉ ከሕንድ ተነሥቶ በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ»፣ በፋርስ «ቻትራንግ»፣ በዐረብ «ሸትረንጅ» እየተባለ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ሆነ። ጨዋታው ሲጠፋ ሰሌዳው ብቻ ቀረ፤ ሰሌዳውም ሲጠፋ በላዩ የተሰመሩት ሳጥኖች ስም ሆኖ ቀረ። ሌላው የአገራችን የስልት ጨዋታ ገበታም ስሙን ከምግብ ማዕድና ከፊደል ገበታ ጋር ይጋራል፤ ግን ገበታን ቢያንስ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር የሚጫወተው ሰው አልጠፋም። ሰንጠረዥ ይህን ዕድል እንኳ አላገኘም።

ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ይህ የሞተ ጨዋታ ሊነሳ ይችላል ወይ ስለሚለው ነገር ነው። «ደግሞ ከሞተ ጨዋታ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን። መጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር ሄደን፣ ሞቶ የተነሣ አንድ የኮምፒውተር ጌም አይተን እንመለሳለን።

እርሾው ሲሰጥ

እ.ኤ.አ. በ1999 ፓምኪን ስቱዲዮስ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት «ዋርዞን 2100» የተባለ የጦርነት ስልት ጌም ሠራ፤ አይዶስ የተባለው ኩባንያ አሳተመው። ተጫዋቹ ነዳጅ እያወጣ፣ ምርምር እያካሄደ፣ የታንኩን አካልና መሣሪያ ራሱ እየመረጠ እየገጣጠመ የሚዋጋበት ጌም ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2000 መጀመሪያ ላይ፣ ስቱዲዮው ተዘጋ፤ ድጋፉም ተቋረጠ። ስህተት ቢገኝ የሚያርም፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ የሚያስማማ ሰው የለም ማለት ነው። ጌም እንዲህ ሲሆን ወዲያው አይሞትም፤ ቀስ እያለ ይሞታል። ዊንዶውስ ይቀየራል፣ ካርዱ ይቀየራል፣ አንድ ቀን ሲዲውን ታስገባላችሁ፣ አልከፍትም ይላል።

አድናቂዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሶርስ ኮዱ ይለቀቅልን ብለው ወተወቱ። ሶርስ ኮድ ምንድን ነው ለምትሉ፣ በእናቶቻችን ሙያ እናስረዳችሁ። የምትገዙት ጌም የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ትበሉታላችሁ፣ ያልቃል፣ ይሻግታል። ሶርስ ኮድ ግን እርሾው ነው። እርሾው ያለው ሰው ነገም ከነገ ወዲያም ይጋግራል፤ ለጎረቤትም ያበድራል። ኩባንያዎች እንጀራውን እየሸጡ እርሾውን ይደብቃሉ።

በታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ.) እርሾው ተሰጠ። የዋርዞን 2100 ሶርስ ኮድ «ጂፒኤል» በሚባለው ነጻ ፈቃድ ተለቀቀ። የዚህ ፈቃድ ሕግ የዋዛ አይደለም፤ «ውሰድ፣ ለውጥ፣ አሻሽል፤ ያሻሻልከውን ስታሰራጭ ግን አንተም ኮዱን ክፈት» ይላል። እርሾ የተበደረ እርሾ ይመልስ እንደማለት ነው። ታዲያ ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በመካከል የሚታዩት ፊልሞችና ሙዚቃው አብረው አልተለቀቁም። የሥዕሎቹና የሌሎቹ ፋይሎች ፈቃድም ግልጽ ሳይሆን ቆይቶ የጠራው በ2008 ነው። አድናቂዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ መስመር በመስመር አረሙት። በ2021 የጌሙ 4.0 ስሪት ወጣ። ወላጁ ድርጅት አንድ ዓመት ያላሳደገውን ልጅ አሳዳጊዎቹ ከሃያ ዓመት በላይ አኖሩት።

ሌሎችም ተከተሉ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2020 የጥንቶቹን «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» ጌሞች ኮድ በከፊል፣ በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የ2003ቱን «ጄኔራልስ» ጨምሮ የበርካታዎቹን ሙሉ ኮድ ለቀቀ። ይሁን እንጂ ኮዱ የተለቀቀ ጌም ሁሉ ተነሥቷል ብላችሁ እንዳታስቡ። ኮዱ ተለቅቆ ማንም ሳይነካው አቧራ የጠጣ ጌም ሞልቷል። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ኮድ መለቀቁ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሰው ነው።

ሰንጠረዥ እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እንደ ዛሬው ቼዝ ስምንት በስምንት፣ ስድሳ አራት ቤት አለው። ሰሌዳው ግን ብዙውን ጊዜ እንጨት ሳይሆን ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በላዩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ ቤቶቹ ይለያሉ። ነጭና ጥቁር እያለ የሚፈራረቅ ቤት የለውም። ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ ከመሐል ትንሽ ወደ ባለቤቱ ቀኝ ይቆማል።

ጠጠሮቹ የድሮውን ዓለም ሕግ እንደያዙ የቀሩ ናቸው። ንጉሡ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ቤት ይራመዳል። ከጎኑ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ሰሌዳውን አያቋርጥም፤ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረሱ እንደምናውቀው ፈረስ ነው፤ ደሩ እንደ ዛሬው ግንብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሜደቅ የሚባለው እግረኛ ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መዝለል የለም።

እስከዚህ ድረስ የዐረቦቹን ሸትረንጅ ይመስላል፤ እንዲያውም የሸትረንጅ የመጨረሻው ሕያው ቅሪት እዚህ እንደነበር ይነገራል። የእኛን ጨዋታ ከዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ስሙም «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በእጁ ፍጥነትና በዓይኑ ንቃት ልክ፣ ጠጠሮቹን እንዳሻው ያንቀሳቅሳል። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሦስት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ችግር የለውም። ጎበዝ ተጫዋች ግን ዝም ብሎ አይቸኩልም። የባላጋራውን አሰላለፍ ዓይን ዓይኑን እያየ የራሱን ሠራዊት ይቀይራል፤ ያኛውም አይቶ ይቀይራል። እንዲህ እየተባለ ይቆይና አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ ዕለት ወረራው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው።

አጨራረሱም ጨዋነት አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ብቻ መውጫ ማሳጣት ሙያ አይባልም ነበር። በፊል፣ በፈርዝና በእግረኛ ያሸነፈ ነው የሚደነቀው፤ በደካማ ጠጠር ያሸነፈ ማለት ነው። ሠራዊቱ በሙሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ደግሞ መግደል አይቻልም። ጨዋታው በዝምታ የሚካሄድም አልነበረም። ዙሪያውን የከበበው ሰው ምክር ይሰጣል፣ ይጮኻል፣ ያደንቃል፣ ይተቻል። ለዛሬ ቼዝ ተጫዋች ይህ እብደት ነው፤ ቆቦ ውስጥ ኳስ የሚያይ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

ጎረቤቶቻችን ተጫዋቾች

ሰንጠረዥ በአገራችን ለመቆየቱ ማስረጃው ብዙ ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508–1540) በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ሌላ ሰንጠረዥ ያውቁ እንደነበር ይነገራል። ሴት ልጅ በስልት ጨዋታ አትደፍርም ለሚሉን ወንድሞቻችን ይህችን አስታውሱልን።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን የጨዋታው ዋና ዋና ምስክሮች ከራያ ቆላ ግራና ቀኝ ከነበሩ ቤተ መንግሥታት መምጣታቸው ነው። በስተሰሜን እንደርታ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን ያስተዳደሩት ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1805 እና በ1810 የጎበኛቸው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ሰንጠረዥ እንደሚወዱ በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። በስተደቡብ ደግሞ የጁ አለ። በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን ይዘው አገሩን የመሩት ወረ ሼኾች የየጁ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ የመጨረሻው፣ ራስ አሊ፣ በ1849 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጋር ውል ተዋውለዋል። ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወት ብዙ ዝርዝር የተዉልን እኚሁ ፕላውደን ናቸው፤ መጽሐፋቸው የታተመው እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1868 ነው።

እንግዲህ እንደርታ ወዲያ፣ የጁ ወዲህ፣ ራያ መሐል። ጨዋታው ግን የመኳንንት ነበር። በዞብልና በቆቦ ሜዳ ማሽላውን ሲጠብቅ የሚውለው አያታችን ቀይ ጨርቅ ዘርግቶ ሰንጠረዥ ተጫወተ ብለን አንዋሻችሁም። የእሱ ጨዋታ ገበታ ነው። ለዚህም ይመስለናል ገበታ የተረፈውና ሰንጠረዥ የጠፋው፤ የገበታ «ኮድ» በየመንደሩ ተበትኖ ነበር፣ የሰንጠረዥ ኮድ ግን በጥቂት ትልልቅ ቤቶች ተቆልፎ ነበር። ቤቶቹ ሲፈርሱ አብሮ ፈረሰ።

ማይጨው

ቤቶቹ የፈረሱት ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ ተገደሉ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ራስ ካሣን፣ ራስ ሥዩምንና ራስ ጌታቸውን አሰልፈው ማይጨው ላይ ከጣልያን ጋር ተዋጉ። ተሸንፈውም በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍጉ አውሮፕላን ከላይ ቦምብና መርዝ አዘነበባቸው። በጣልያን ብርና ጠመንጃ የተገዙ የአካባቢያችን ሰዎችም በተመላሹ ጦር ላይ እንደተኮሱ ታሪክ ይናገራል። ይህ ለራያ ልጅ ለመጻፍ የሚያኮራ አይደለም፤ ግን ታሪክ የሚመቸንን ብቻ እየመረጥን የምንበላው ምግብ አይደለም።

ከማይጨው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ግራዚያኒ የተማሩትን ወጣቶች ፈጀ፤ ብዙ መኳንንት ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ሰንጠረዥ የጠፋው ከጣልያን ወረራ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ትውልድ ቼዝን በአውሮፓ ሕግ ተማረ፤ ዛሬ የቼዝ ፌዴሬሽን አለን፣ የራሳችን ሰንጠረዥ ግን የለንም። ልብ በሉ፤ በጨዋታው ውስጥ «ወረራ» የጨዋታው መጀመሪያ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ወረራ የጨዋታው መጨረሻ ሆነ።

ኮዱ እኮ ወጥቷል

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ፤ የሰንጠረዥ «ሶርስ ኮድ» ከተለቀቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1911 የአገራችንን ጨዋታዎች መዝግበዋል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ መሪ በ1913 ባሳተሙት ግዙፍ የቼዝ ታሪክ ውስጥ የእኛን ጨዋታ አካተውታል። ከሁሉም በላይ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት ፓንክረስት በ1971 በተቋሙ መጽሔት ላይ የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ሰብስበው አሳተሙ። በዚያው ዓመት ስለ ገበታ ባወጡት ሌላ ጥናት ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። ፓንክረስት በየካቲት 2009 ዓ.ም. አርፈው አዲስ አበባ ተቀበሩ። አበደሩን፣ እርሾውን ትተውልን ሄዱ። ማን ጋገረበት?

እርሾ በማሰሮ ተቀምጦ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ይህን ከእኛ ከወሎዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም ላይ የሆነውን ዓለም አይቷል። ዓለም ያላየው፣ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ ከእህሉ ጋር ዝርያውም እንደሚጠፋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ የዘር ባንክ ነበረ፤ የአገር ማሽላ፣ የአገር ጤፍ በየብልቃጡ ተቀምጧል። ነገር ግን ባንክ ውስጥ ያለ ዘር አያበላም። ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ትልቅ ነገር ዘሩን ከባንክ አውጥተው በወሎና በሸዋ ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ መልሰው መዝራታቸው ነው። ዶክተር መላኩ በ1989 (እ.ኤ.አ.) «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የተቀመጠ ዘርና የሚያውቅ እጅ ሲገናኙ ነው ማሳ የሚበቅለው። የዋርዞንም ምስጢር ይኸው ነው። ሰንጠረዥም የቀረው እጁ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይጎድላል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሰንጠረዥን በኮምፒውተርና በሞባይል ለማስነሳት ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። በዓለም ላይ ጠንካራ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም ስቶክፊሽ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው። ሚሊዮኖች በነጻ የሚጫወቱበት ሊቼስም ኮዱ ክፍት ነው። ከስቶክፊሽ የተወለደው ፌይሪ ስቶክፊሽ ደግሞ የጥንቱን ሸትረንጅ ጨምሮ ብዙ ዓይነት ቼዞችን ያውቃል። ስለዚህ የሰንጠረዥ ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ያለው ተራ በተራ የሆነው ጨዋታ፣ በአብዛኛው የተሠራ ነው። ጥቂት ማስተካከያ ይበቃዋል።

ችግሩ ወረራው ነው። የቼዝ ፕሮግራም ሁሉ የተገነባው «አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ» በሚል መሠረት ላይ ነው። ተራ የሌለበትን ጨዋታ ምን ያድርገው? ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ ሰው አንድ ጠጠር እስኪያነሳ ሺህ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የማሽኑን እጅ መገደብ፣ የሰው ፍጥነት መስጠት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች በኔትወርክ ሲጫወቱ ደግሞ የአዲስ አበባው መስመር ከቆቦው ይፈጥናል፤ አሰላለፉን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ቢበሉስ? ማን ቀደመ ይባላል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ።

መልሱ ያለው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በቼዝ ፕሮግራሞች ውስጥ አይደለም፤ በዋርዞን 2100 ዓይነቶቹ ውስጥ ነው። ተራ የማይጠበቅባቸው የጦርነት ጌሞች የሁለት ተጫዋቾችን ትእዛዝ እንዴት እኩል አድርጎ መቀበል እንደሚቻል፣ የመስመር መዘግየትን እንዴት ማካካስ እንደሚቻል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲፈቱት የኖሩት ችግር ነው። ኮዳቸውም ክፍት ነው። እንግዲህ ነገሩን ስናየው፣ አባቶቻችን ቀይ ጨርቅ ላይ ይጫወቱት የነበረው፣ የዛሬው ዓለም ለሁለት ከፍሎ የሚጫወተውን ነው፤ ግማሹ እንደ ዋርዞን፣ ግማሹ እንደ ቼዝ። ሁለቱን ክፍት ኮዶች አጋብቶ ሰንጠረዥን መውለድ ይቻላል።

«ከዚያስ? ማን ይፈልገዋል?» ካላችሁ ይህንንም እናንሳ። የዘመኑ ቼዝ ትልቁ በሽታው ሽምደዳ ነው። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በ1997 (እ.ኤ.አ.) ካስፓሮቭን ካሸነፈ ወዲህ ታላላቆቹ ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን ሃያ ምናምን እርምጃዎች ከማሽን ሸምድደው ይመጣሉ። ቦቢ ፊሸር ሽምደዳው አስመርሮት ገና በ1996 ጠጠሮቹ በ960 ዓይነት አሰላለፍ በዕጣ የሚደረደሩበት ቼዝ አወጣ። ዛሬ ዓለም ለዚህ ሽልማት ይሰጥበታል። ሰንጠረዥ ግን ይህን ችግር ከመቶ ዓመታት በፊት ፈትቶት ነበር። በወረራ ጊዜ ባላጋራህ በዓይንህ ፊት ሲለዋወጥ የሸመደድከው ምን ይጠቅምሃል? ዓለም በዕጣ የሚፈልገውን እኛ በወረራ አግኝተነው ነበር።

ኔትወርክ የሌለበት አገር

የመጨረሻው ነገራችን ስለ እኛው ስለ ቆላዎቹ ነው። ቆቦ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተያዘች። የሞተው ሰው ሞተ፤ መብራቱ፣ ስልኩ፣ ባንኩ ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። «ወረራ» የሚለው ቃል ለእኛ የጨዋታ ቃል መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የዘመኑ ጌሞች ምን ሆኑ? ሩቅ አገር ካለ ሰርቨር ፈቃድ ካላገኙ አይከፈቱምና ስልካችን ውስጥ እያሉ ሞቱ። ባለቤቱ ሲፈልግ የሚሠራ፣ መስመሩ ሲቆረጥ የሚጠፋ ነገር የእኛ አይደለም። ኮዱ ክፍት የሆነ ጨዋታ ግን በፍላሽ ይሄዳል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ ሁለት ልጆች አንድ ስልክ መሐላቸው አስቀምጠው ይጫወቱታል። እንዲያውም በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት እጅ ሲሽቀዳደም የመስመር መዘግየት የሚባል ጣጣ የለም። ወረራ በትክክል የሚሠራው ኔትወርክ በሌለበት ነው! መብራትም ከጠፋ ቀይ ጨርቅና ጥብጣብ አለ። ያ የመጀመሪያው ክፍት ኮድ ነው።

ሌላም ስጋት አለን። የሰንጠረዥ ሕግ ቢያንስ በእንግሊዝኛም ቢሆን ተጽፏል። የራያ ሽማግሌዎች በቃል የያዙት የገበታ አጨዋወት፣ የጉድጓዱ ቁጥር፣ የጠጠሩ አበላል፣ የአሸናፊው አባባል ግን እነሱ ጋር ነው ያለው። ከጦርነቱ በፊት የነበሩን ስንት ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ? ሰንጠረዥ በጥቂት ቤቶች ተቆልፎ እንደቀረ፣ ገበታም በጥቂት ሽማግሌዎች ተቆልፎ እንዳይቀር እንፈራለን። ፓንክረስት ዞረው የመዘገቡትን ያህል፣ እኛ በእጃችን ባለው ስልክ የአንድ ቀበሌ ገበታ እንኳ ብንመዘግብ ምን ያቅተናል?

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ የወልዲያ፣ የመቀሌ፣ የወሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ ወረራን በኮድ ጻፉት፣ ኮዱንም ክፈቱት። መምህራን፣ የፓንክረስትን ጽሑፍ ወደ አማርኛና ወደ ትግርኛ መልሱልን። የሰፈር ልጆች፣ ቀይ ጨርቅ ግዙ። ከእንደርታም ከየጁም የመጣ ጨዋታ ነውና ማንም «የእኔ ብቻ» ሊለው አይችልም፤ ግራ ካሕሱን ወጥቶ የአላማጣ ልጅ ከኮረም ልጅ ጋር፣ የቆቦ ልጅ ከማይጨው ልጅ ጋር ቢጫወተው እንዴት ደስ ባለን! በዚህ ጨዋታ ብቻውን የቀረ ንጉሥ እንኳ አይገደልም። ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ነን።

በሚቀጥለው ሳምንት የደረጃ ሰንጠረዡን ስታዩ ታዲያ ቃሉ ራሱ ጨዋታ እንደነበር አስታውሱልን። ተጫዋች ፈልጉለት።

ቸር እንሰንብት።